ሳሌን ለማንም አላወርስም

በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ጀምሬ፣ እኔ ፀጋው ቢራራ፣ በክርስትና ስሜ ገብረ ሚካኤል፣ የደባርቅ ከተማ ነዋሪ፣ ልቤ ሙሉ ትንፋሼ ግን ጎዶሎ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ማንም ሳያባብለኝ፣ ዛሬ እሑድ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ፣ በገዛ ቤቴ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን እናዘዛለሁ። ከዚህ ቀደም ስለ ንብረቴ በጨዋታም ሆነ በንዴት የተናገርሁት ቢኖር ተሽሯል።

ቃሌን የሚጽፈው አቶ ማዕረግ ነው። በመካከል ዝም ባልሁ ጊዜ ትንፋሽ እየሰበሰብሁ ነውና፣ ነገሬ ያለቀ መስሎት ብዕሩን እንዳያኖር አደራ ብየዋለሁ። ያልሁትንም እንዳያሳምርብኝ። እርሱ ማሳመር ይወዳል።

ከምስክሮቹ አንዱ አቶ ገዱ ዋሴ ነው። ትውልዱ ዳባት፣ ኑሮው ደባርቅ፣ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን ነው። ልጁ ዓለምነህ ልጄን የትናየትን አጭቷታል፤ ሠርጋቸውም ለጥር ተቆርጦ ነበር። ትናንት ማታ ግን ገዱ ሽማግሌ ልኮ ሠርጉ ይቆይ አለ። እኔም ዛሬ ጠዋት፣ ምስክር ሁነኝ ብዬ ላክሁበት። የመጣው የምሞት መስሎት ይሆናል፤ ለሚሞት ሰው እምቢ አይባልምና። ደኅና፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ይስማ።

አንደኛ፤ ስለ ሥጋዬ። በአጥቢያዬ ቤተ ክርስቲያን ከአባቴ እግርጌ ቅበሩኝ። ለተዝካሬ በሬ እንዳይታረድ። ሁለት በሬ ብቻ ነው ያለን፤ አንዱን አርዳችሁ ስታበሉ አገሩ ያመሰግናችኋል፤ በግንቦት ግን አገሩ መጥቶ አያርስላችሁም። ንፍሮና ጠላ ይበቃል። የነፍስ አባቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤል በዚህ ነገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፤ እሺ ማለታቸው እንደ ሆነ ቁጠሩልኝ። የዚህ ኑዛዜ አስፈጻሚም እርሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ፤ ይህ ቤት ከነግቢው የባለቤቴ የወይዘሮ በለጠች ነው። እኩሌታው ድሮም የእርሷ ነበር፤ የቀረውን እኔ ሰጥቻታለሁ። ልጆቼ በዚህ ነገር አፍ እንዳይከፍቱ። ከፋብሪካ ታምሜ በተመለስሁ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ መኝታ ለዪ ብሎ መከራት። እርሷ ግን፣ «ሠርጌን የደገሳችሁት እናንተ፣ ፍቺዬንም የምትደግሱት እናንተ?» ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከጎኔ ተኝታ፣ ከሞሰቤ በልታ፣ ከዋንጫዬ ጠጥታ፣ ይኸው ዛሬም ዳገቱን ከልጅ ቀድማ ትወጣለች። በዚህ ቤት የሚስለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤቶች ሁሉ ያውቃሉ።

ማድቤቱ ግን ያሳስበኛል። ጎንደር ያየችኝ ሐኪም የማገዶ ጭስም ሳንባን እንደሚጎዳ ነግራኛለች። ስለዚህ ልጄ ያየህ ወደ ሥራው ሳይመለስ የማድቤቱን ግድግዳ ከላይ በስቶ ጭስ መውጫ ያብጅለት። ይህ ምክር አይደለም፤ የኑዛዜ ቃል ነው። ካልበሳ መሬቱን አይውረስ።

ሦስተኛ፤ ከወንዙ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች የእኅቴ የስንቄ ናቸው። ስንቄ በራሷ በቅሎ ጭና ደረስጌ ማርያም ድረስ ወስዳኛለች። ጠበል ተጠመቅሁ። ሳሉ አልተወኝም፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ቀረ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በመንገድ ላይ፣ አባታችን ርስት ሲያካፍል ለምለሙን አንተ ወሰድህ እያለች ዳገቱን ሁሉ ስትነዘንዘኝ ነበር። የምመልስበት ትንፋሽ እንደሌለኝ ታውቃለች። እነሆ ዛፎቹ፤ ከእንግዲህ ዝም ትበል።

አራተኛ፤ አረንጓዴው ደብተር በስሜ የወጣለት የገብስ መሬቴ የልጄ የያየህ ነው። እናቱን ይጡርበት፤ በሌለበት ጊዜ ለእኩል ያሳርሰው። ከመሬቱ ጋር አንድ ነገር እጨምርለታለሁ፤ ከራስጌዬ የተሰቀለውን ራጅ፣ ሐኪም ቤት ያነሡኝን የሳንባዬን ፎቶግራፍ። ለልጅ የሚተው ርስት ነው ወይ የሚል ይኖራል። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ገዱም ጆሮውን ይስጠኝ።

ጎልማሳነቴን የጨረስሁት በመሐል አገር ባለ የቆዳ ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራውን በልቻለሁ። ሥራዬ ቀለም መርጨት ነበር። ያለቀለት ቆዳ ተዘርግቶ ይመጣል፤ እኛ ቀለሙን በቲነር አቅጥነን እንረጨዋለን፤ ከዚያም እንዳይለቅ ፎርማሊን እንደርብበታለን። ክፍሉ መስኮት ነበረው፤ ነገር ግን አቧራ ገብቶ እርጥቡ ቀለም ላይ እንዳይለጠፍ ተብሎ ዘወትር ይዘጋል። ቆዳው ከአቧራ ተጠበቀ፤ እኛን ከቀለሙ የጠበቀን የለም። ጉሙ ሲወፍር ከፊቴ የቆመውን ባልደረባዬን የማውቀው በጫማው ነበር። ማታ ስንወጣ የምንተፋው አክታ የዕለቱን ቀለም ይመስላል፤ ቡናማ የረጨን ዕለት ቡናማ፣ ጥቁር የረጨን ዕለት ጥቁር። እንስቅበትም ነበር።

ፋብሪካው በየጠዋቱ ወተት ያድለናል። ወተት ኬሚካሉን ያጥባል ይባል ነበር፤ አለቃውም፣ ዘበኛውም፣ እኛም ይህን እናምናለን። የሠራተኛ ማኅበራችን ተሰብስቦ ደረታችን ታመመ ብሎ አቤት ባለ ጊዜ፣ መስኮቱ ይከፈት ያለ ሰው አልነበረም። የጠየቅነው ተጨማሪ ወተት ነው። ተፈቀደልን። አጨበጨብን።

እኔ ደግሞ ጿሚ ነኝ። በሁዳዴ፣ በነቢያት፣ በፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብም ወተቴን ለዘበኛው ልጆች እሰጥ ነበር። እዚያ የነበሩ ካህን ለመድኃኒት ነውና ጠጣ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ ቢሉኝ አሻፈረኝ አልሁ። ስለዚህ ሳሉ ሲጀምረኝ ያልጠጣሁት ወተት ጣለኝ ብዬ አመንሁ። አብረውኝ የሚሠሩትም ይህንኑ አሉኝ። ጾሜን አልተውሁም፤ ነገር ግን ለጸሎት በቆምሁ ቁጥር ከእግዜር ጋር እንደ ተኳረፈ ሰው ነበርሁ። አንተን ብዬ ታመምሁ፣ አንተ ግን ዝም አልህ እለው ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታችልኝ ያቺው የጎንደሯ ሐኪም ናት። ልጅ እግር ናት፤ ከየትናየት ብዙ አትበልጥም። አክታዬን ደጋግማ አስመረመረች፤ የነቀርሳ ተዋሲያን አላገኘችም። ራጁን ወደ መብራት አንሥታ ጠባሳውን በጣቷ አሳየችኝ። ኋላ የወተቱን ነገር ስነግራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ የረጩት ቀለም የገባው ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም። ቢጠጡትም ይታመሙ ነበር» አለችኝ።

ወጥቼ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት። የጎዳኝ ጾሜ አልነበረም። የጠጡትም ያልጠጡትም እኩል መሳላቸውን ሁልጊዜ አየው ነበር፤ ትርጉሙ ግን ያን ዕለት ገና ገባኝ።

ሐኪሟ የደባርቅ አየር ስስ ነውና ወደ ቆላ ይውረዱ ብላኝ ነበር። ስስ ቢሆንም የረጨበት ሰው የለም ብዬ ተመለስሁ። በዚህ እንኳ እርሷ ሳትሻል አልቀረችም፤ ልጆቼ ግትርነቴን አትውረሱ።

ያየህ አድጎ ሥራ ቢያጣ ወደዚያው ፋብሪካ፣ ወደዚያው ክፍል ልቀጠር አለኝ። ተቆጣሁ። እርሱም በቀስታ፣ «አባዬ፣ ይህች መሬት ለእርስዎና ለእናቴ እንኳ አልበቃች፤ እኔ ምን ልብላ?» አለኝ።  ራጄን ከራስጌዬ አውርጄ አዋስሁት። ሂድ፣ ግን ይህን ለሠራተኛው ሁሉ አሳይ፤ ወተት አትጠይቁ፣ አየር ጠይቁ ብዬ ሸኘሁት።

ያየህም በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ራጁን በአዳራሹ መስኮት ብርሃን ላይ ዘረጋው። ይህ እዚሁ ክፍል ሲረጭ የኖረው የአባቴ ሳንባ ነው አላቸው።  ከዚያ በኋላ አለቆቹ አንድ ጊዜ ዝም አሉ፣ አንድ ጊዜ ቀጠሮ ሰጡ፣ አንድ ጊዜ እንደ ልማዳቸው ወተት እንጨምርላችሁ አሉ። ሠራተኞቹ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ያ መስኮት ተከፍቶ ጉሙን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ተተከለበት፤ ማጣሪያ ያለው ጭንብልም ለእያንዳንዱ ታደለ።

አምና ሄጄ በዓይኔ አየሁት። በሩ ላይ ቆሜ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አየሁ። የሰው ፊት ይታያል። ልጄን ወደ ውጭ ጠርቼ ትፋ አልሁት። አባዬ፣ ሰው እያየን አለኝ። ትፋ ብዬሃለሁ አልሁት። ተፋ። ነጭ ነበር። ያን ዕለት የዋለው ጥቁር ሲረጭ ነው። በእግዚአብሔር ቤትም በሰው ቤትም ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ከዚያ ምራቅ የበለጠ ግን ትዝ አይለኝም።

ሥራው አደጋ የለውም አልልም። ማራገቢያው ሲቆም ሥራው ይቁም፤ የጭንብሉ ማጣሪያ ሲጠቁር ይለወጥ፤ ሞቀኝ ብሎ የሚያወልቅ ሰው ሲያይ ያየህ ራጁን ያሳየው። ያ መስኮት ተመልሶ ከተዘጋ ራጁን ለልጁ ያውርሰው። አየሩ ንጹሕ ሆኖ ከኖረ ግን አንድ ቀን አውጥቶ ይጣለው፤ እኔ አልቀየምም።

አምስተኛ፤ ዕዳዬ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ የማኅበር ተራ ነው። በወር በወሩ በሚካኤል ዕለት ከአባላቱ በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ሁላችን ከአንድ ጽዋ እንጠጣለን። የመጪው ሰኔ ሚካኤል ተራ የእኔ ነው። ብኖር እኔ፣ ባልኖር በለጠች ትደግሳለች። ነገር ግን የምንከፍለው ዕዳ ለአንድ ጽዋ ነው፤ ለጽዋና ለጣሳ አይደለም።

ይህን የምለው ከታመምሁ ወዲህ ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስለሚዘለኝ ነው። ለእኔ በቲማቲም ጣሳ ለብቻዬ ይቀዳልኛል። ጣሳዋ ከማኅበሩ ዕቃ ጋር ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች። ምንም ተናግሬ አላውቅም። የሐኪሟን ወረቀት አንድ ጊዜ አሳይቼ ነበር፤ ወረቀት አይስልም አሉኝ። ትናንት ግን በኅዳር ሚካኤል፣ ከተማው እንደ ልማዱ በሽታ ይውጣ ብሎ ቆሻሻውን ሲያጥን ጭሱ ማኅበሩ ከተሰበሰበበት ቤት ገባ። በሽታ የሚያስወጣው ጭስ የእኔን ቀሰቀሰብኝ። ሳሉ ከመቀመጫዬ አንከባለለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ገዱ እኔን አላየም፤ ልጁን ዓለምነህን ነበር የሚያየው። ማታውን ሽማግሌዎቹ መጡ። ደዌው የዘር እንደ ሆነ እስኪጣራ ሠርጉ ይቆይ የሚል ነው ቃሉ።

አልቀየምሁትም ብል ሐሰት ነው። ነገር ግን አልፈርድበትም። የታላቅ ወንድሙን ቤት የሳንባ ነቀርሳ እንደ ጠረገው ሁላችን እናውቃለን። አንድ ጊዜ እባብ ያየ በልጥ ይበረያል። በለጠች ጨንቋት፣ ሠርጉ ከተመለሰልን አንተ ለዚያ ቀን ጓዳ ብትቀመጥስ ብላኝ ነበር። ከእኔ ይልቅ የመለሰችላት የትናየት ናት። «አባቴ ከሌለበት ዳስ እኔም አልገባም» አለች። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጠዋት ነው ምስክር የጠራሁት።

እንግዲህ ገዱ ሆይ፣ ስማኝ። ልጆቻችንን ስናጭ ሰባት ቤት ቆጥረን እንደማይዛመዱ አጣርተናል። አሁን ደግሞ ሳሉን ቁጠርልኝ። ከእኔ ጋር ሲረጩ ከኖሩት አንዱ የወላይታ፣ አንዷ የመንዝ፣ አንዱ የሐረር ሰው ነው። ሁላቸውም እንደ እኔ ይስላሉ። በየትኛው ቅድመ አያት ተገናኘን? ቄሱ እንደ ሳቁ ጻፍ፣ አቶ ማዕረግ። ይዛመታል እንዳትል በለጠች እዚህ ተቀምጣለች። በዘር ይወርዳል እንዳትል ያየህ እዚያ ቆሟል፤ የእኔው ደም ነው፣ የእኔው ክፍል ነው፣ ሳሉ ግን የለም። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ ቦራዋ ላም ከነጥጃዋ የልጄ የየትናየት ጎጆ መውጫ ናት። ዓለምነህን ብታገባም፣ ባታገባም። ላሟ የልጅቱ እንጂ የሠርጉ አይደለችም። ወተቷን ትጠጣው፣ ትናጠው፣ ትሽጠው፤ ለደረት መድኃኒት ነው ብላ ግን ለማንም አትስጥ።

ሰባተኛ፤ ሳሌ። ሳሌን ለማንም አላወርስም። ለያየህ አልደረሰውም፣ ለየትናየት አይደርሳትም፣ ለሚወለዱት የልጅ ልጆቼም አይደርስም። ከአባቴ ያገኘሁት ርስት አይደለም፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀበልሁት ነው። ከእኔ ጋር መሬት ይገባል፤ እዚያም ያበቃል።

እዚህ ላይ አቶ ማዕረግ ብዕሩን አኖረ። አንሣው አልሁት። ገዱ ከመቀመጫው ተነሥቷልና የሚሆነውን ሁሉ ጻፍ፤ ኑዛዜው የእኔ ነው።

ገዱ ወደ ያየህ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። እዚያው ክፍል ነው የምትሠራው ብሎ ጠየቀው። ያየህም አዎን ጋሼ፣ እዚያው ነው አለው። ትስላለህ አለው። አልስልም አለው።  ገዱም ወደ የትናየት ዞሮ ጣሳዋ የት ናት አላት። ትናንት ደግፈው ወደ ቤት ሲያመጡኝ ጣሳዋም አብራን መጥታ ከራስጌዬ ነበረች። የትናየት አነሣቻት፤ አባዬ የጠጣባት ናት፣ ገና አላጠብኋትም አለችው።

«አትጠቢያት። ላሟ ታልባ እንደ ሆነ ወተት ቅጅልኝ፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ» አላት።

ቀዳችለት። ሁላችን እናያለን፤ በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ገዱ አንድ ጊዜ አማተበና ጠጣ። ግማሹ ላይ አላቆመም። ጢሙን ጠርጎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ወንድሜን ከሩቅ ሆኜ ነው የሸኘሁት። እጁን እንኳ አልያዝሁትም። ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም» አለ። ከዚያ ጣሳዋን መሬት አኑሮ በተረከዙ ጨፈለቃት። መጥቶም እጄን ያዘኝ። እኔም አጥብቄ ያዝሁት።

ስለዚህ ከላይ ያልሁት ሁሉ እንደ ጸና ሆኖ ይህን እጨምራለሁ። ሠርጉ በቁርጡ በጥር ይሆናል። እኔም ዳሱ ውስጥ በአባት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ሳሉ ቢመጣ ከእነ ሳሌ። ልሙት ብዬ ጠርቻችሁ ነበር፤ አሁን ግን ሠርግ አለብኝና ቄሱ ይህን ወረቀት በደኅና ቦታ ያኑሩልኝ፤ ቶሎ አይፈለግም።

ኑዛዜው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምስክሮቹ ፊት ተነበበልኝ። አቶ ማዕረግ ሁለት ቦታ አሳምሮ ነበር፤ አስፍቄዋለሁ። የቀረው ቃሌ ነው።

ተናዛዥ፦ ፀጋው ቢራራ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ማዕረግ (ፊርማ)

ምስክሮች፦

፩ኛ፤ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፣ የነፍስ አባትና አስፈጻሚ (ፊርማ)

፪ኛ፤ አቶ ስጦታ፣ ጎረቤት (ፊርማ)

፫ኛ፤ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)

፬ኛ፤ አቶ ገዱ ዋሴ፣ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ (ፊርማ)። ከፊርማው በታች በገዛ እጁ፦ «ሰኔ ሚካኤል በፀጋው ቤት እንጠጣለን። ጽዋው አንድ ነው።»